«አፋችሁ ይበላሻል» ለሚሉን የጃፓንኛ መካሪዎች

«ጃፓንኛ ስትማሩ የአራዳውን ቃል አትንኩት፣ አፋችሁ ይበላሻል።» ይህን ምክር ከመምህራንም፣ ቀድመው ከተማሩ ወዳጆችም ያልሰማ ተማሪ የለም። ግማሹ ጥንቃቄ ነው። ግማሹ ግን ንቀት ነው፣ ያውም መሠረት የሌለው ንቀት።

መማሪያ መጻሕፍቱ «በጣም» ለማለት የሚያስተምሩት ቃል «ቶቴሞ» ነው። ጨዋ ቃል ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ቶቴሞ ድሮ ከአሉታ ጋር ነበር የሚሄደው፤ «በፍጹም አይሆንም» እንደማለት። ደራሲው አኩታጋዋ ርዩኖሱኬ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ቃሉ በአዎንታ «በጣም» ሆኖ ቶኪዮ ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ መሆኑን ጽፎ ነበር። ዛሬ ለጀማሪ የሚሰጠው ቃል ያኔ አዲስ መጤ ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የተረኛው «ያባይ» ነው። የሌቦችና የወህኒ ቤት ሰዎች ቃል ነበር፤ ትርጉሙም «አደጋ አለ»። ዛሬ ወጣቱ ምግብ ሲጣፍጠው «ያባይ!» ይላል። የጃፓን የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ በ2014 በጀት ዓመት ባደረገው ጥናት፣ ከ16 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከ10 ከ9 በላይ የሚሆኑት ለአድናቆት እንደሚጠቀሙበት ተናግረዋል።

ለእኛ ይሄ ምኑ ይደንቃል? «ቀውጢ» የመከራ ቀን መጠሪያ አልነበረም እንዴ? ዛሬ «ቀውጢ ሠርግ ነበር» ሲባል የሚደነግጥ የለም። «አደገኛ ልጅ ናት» ስንልስ ፖሊስ ልንጠራ ነው?

የቀሩትም ከባድ አይደሉም። «ሜቻ» ከኦሳካ በኩል የተስፋፋ «በጣም» ነው። «ቾ» ከቅጽል ፊት ይገባል። «ማጂ» ደግሞ ቁርጥ የእኛው «የምር» ነው፤ ሥሩም ቁም ነገረኛ ከሚለው ቃል ነው። ለጓደኛ ይባላሉ። ለአለቃ፣ ለደንበኛ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ አይባሉም። ሁሉንም ከአኒሜ ለቅሞ አለቃው ፊት «ማጂ?» የሚል ልጅ በእርግጥ ይሳሳታል፤ ግን የት እንደማይባል ማን ነገረው?

ዋናው የጃፓንኛ ብቃት ፈተና የንግግር ክፍል የለውም። ሰርተፍኬት ይዞ ጃፓን የሚሄድ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረቦቹ የሚያወሩት ካልገባው፣ ዳር ተቀምጦ ፈገግ ማለት ብቻ ነው ዕጣው። መምህራን ሆይ፣ ለእነዚህ ቃላት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡ። ከመከልከል ይልቅ ለማን እንደማይባሉ ንገሩን።