የወከለን ማን ነው?

በገጠር ቀበሌ ሰው ይተዋወቃል። ማን አማና እንደሚጠብቅ፣ ማን የየቲም መሬት እንደነካ፣ ማን ጎረቤት እንደሚያስታርቅ ከጀመዓው የተሰወረ የለም። 33 ፓርቲዎች ራሳቸውን ባገለሉበት በሚያዝያ 2005ቱ የአካባቢ ምርጫ ግን ይህን የጠየቀን አልነበረም። እስከ 300 መቀመጫ ላለው የቀበሌ ምክር ቤት ሚዛኑ የአባልነት መታወቂያ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መስከረም 27 ቀን 2005፣ የመጅሊስ ምርጫችንም ከመስጂድ ወጥቶ በቀበሌ ተካሂዷል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ገበሬም፣ መምህርም፣ ነጋዴም ቢመረጥ አንቃወምም። የምንጠይቀው አንድ ነው፦ ሕዝቡ የሚያውቀውን ሰው፣ በሚያምንበት ቦታ፣ ያለ ፍርሃት ይምረጥ። አማና ለሚጠብቃት ይሰጥ!

ድምፃችን ይሰማ!