መንገዱ በሩ ላይ ይብቃ

አትላንታ አጠገብ ባለችው ዶራቪል አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ውሃ ዳር መዋል ሲያምረው ሐሳቡ ታይቢ ደሴት ወይም ፍሎሪዳ ነው። ኩለሩ በበረዶ ይሞላል፣ ልጆቹ ኋላ ይጫናሉ፣ ታይቢ ለመድረስም አራት ሰዓት ያህል ይነዳል። ከቤቱ ግማሽ ሰዓት የማይርቀውን የቻታሁቺ ወንዝ ግን ብዙው ሰው የሚያውቀው በድልድይ ሲሻገረው ነው።

ከቢዩፎርድ ግድብ ቁልቁል ያለው 48 ማይል የወንዙ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በፈረሙት ሕግ ተከልሏል። አይላንድ ፎርድ በሚባለው በኩል መኪና አቁሞ በጫካው ውስጥ የወረደ ሰው፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ሰዶ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አያጣም። ብዙ ግን አይቆይም! ግድቡ ውሃውን የሚለቀው ከሌኒየር ሐይቅ ከታችኛው ክፍል ስለሆነ፣ በሐምሌ ሙቀትም አጥንት ድረስ ይሰማል። ትራውት የተባለው ዓሣ እዚህ የሚኖረውም በዚሁ ቅዝቃዜ ነው። ግድቡ ሲከፈት ወንዙ በድንገት ስለሚሞላ፣ ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው የመልቀቂያውን ሰዓት ሳያጣራ ባይወርድ ይሻለዋል።

እንዲህ ያለ ቦታ ገለል ብሎ የሚቆየው በዕድል አይደለም። በሲሲሊ የዚንጋሮ ዳርቻ በነጭ ጠጠር የተሸፈኑ ትንንሽ ወሽመጦች አሉት። በዚያ በኩል የመኪና መንገድ ሊያልፍ ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 1980 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእግራቸው ተመሙና አስቆሙት፤ በዓመቱ ቦታው የደሴቲቱ የመጀመሪያ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ዛሬ ከስኮፔሎ የሚመጣ እንግዳ ለዚያ መንገድ በተፈለፈለው ዋሻ በኩል በእግሩ ይገባል። ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ዳርቻ ላይ መኪና አይደርስም።

«አረጋዊና ሕፃን የያዘስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አስፋልቱን እስከ ውሃው መዘርጋት አይደለም። እስከ በሩ የሚያደርስ አውቶቡስ ይበቃል። ዶራቪል እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ማርታ የሚባለው የከተማ ባቡር ጣቢያ አላት፤ ባቡሩ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ይወስዳል፣ ወንዙ ዘንድ ግን አይደርስም። መኪና የሌለው ሰውም ግብር ከፋይ ነው። የቅዳሜና እሁድ አውቶቡስ ከጣቢያው እስከ አይላንድ ፎርድ በር ቢመደብ የሚቆረጥ ዛፍ የለም።

በአገር ቤት የሐይቋ ስፍራ ወንጪም በገበታ ለሀገር የቱሪዝም ፕሮጀክት ከታቀፈች ወዲህ ይኸው ጉዳይ ይመለከታታል፦ መኪናው አፋፉ ላይ ይቁም፤ ቁልቁለቱን የአካባቢው ባለፈረሶች ይሥሩበት።