ለእናታችሁ ወገብ «ሲሚንቶ» ከማሰባችሁ በፊት



ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። እናት ዘጌ ላይ ጀሪካን ውኃ ስታነሳ ወገቧን ቀጭ ያደርጋታል። ባሕር ዳር መጥታ ራጅ ስትነሳ «በአጥንት መሳሳት ምክንያት አከርካሪዋ ተሰብሯል» ትባላለች። ውጭ አገር ያለው ልጇ ደግሞ «ዶክተር፣ ሳይቀደድ በመርፌ ሲሚንቶ የሚሞላ ሕክምና አለ አሉ፤ ብር ልላክ?» ይለኛል።

ሕክምናው አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ፈረንሳይ ውስጥ ነው የተጀመረው። ታካሚዋ በሆዷ ትተኛለች፣ ሐኪሙ ራጅ እያየ በቆዳዋ በኩል መርፌ ወደ ተሰበረው አጥንት ያስገባና ሲሚንቶውን ይሞላል። አንዳንዴ መጀመሪያ በትንሽ ፊኛ ቦታ ይከፈትለታል። (የግንባታው ሲሚንቶ አይደለም፤ ሰው ሠራሽ ዳሌ ሲተከል የምንጠቀምበት ነው።) በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል።

የእኔ አስተያየት ግን፣ ብሩ መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚያ ላይ አይደለም።

አብዛኛው እንዲህ ያለ ስብራት በማስታገሻና በጥንቃቄ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ሕመሙ ይቀንሳል። በ2009 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ሲሚንቶ የተሞላላቸውን ሰዎች የማስመሰያ ሕክምና ከተደረገላቸው ጋር አነጻጽረው በሕመም ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ሲሚንቶው ወደ ነርቭ ወይም ወደ ሳንባ ሊፈስም ይችላል። ስብራቱ አዲስ መሆኑ በኤምአርአይ ታይቶ፣ መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮ፣ እናት አሁንም ከአልጋ መውረድ ካቃታት እኔም ልላት እችላለሁ። ከዚያ በፊት ግን አልቸኩልም።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ የሚያስፈራኝ ነገር አለ፦ የአከርካሪ ቲቢ። እሱም አጥንቱን በልቶ ይደረምሰዋል፣ እሱም ያጎብጣል። በራጅ ብቻ ከአጥንት መሳሳት መለየት ይቸግራል። ኢንፌክሽን ያለበት አጥንት ውስጥ ሲሚንቶ አይሞላም። ካንሰርም እንዲሁ አከርካሪን ሊሰብር ይችላል። ማታ ማታ የሚያልባት፣ የምትከሳ፣ ትኩሳት ያላት ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ጥበበ ግዮንም ፈለገ ሕይወትም የአጥንት ሐኪሞች አሉ፤ ጉዞውን ከዚያ ጀምሩ።

ቲቢም ካንሰርም አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ዋናው ሥራ አጥንቱን ማከም ነው። ሲሚንቶ የሚይዘው አንዱን አጥንት ብቻ ነው፣ ሌሎቹ እንደሳሱ ናቸው። አከርካሪያቸው ከተሰበረ እናቶች ከ5ቱ አንዷ በዓመት ውስጥ ሌላ የአከርካሪ ስብራት ይገጥማታል። አጥንት የሚያጠነክሩ መድኃኒቶች አሉ። ለምሳሌ አለንድሮኔት በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት መተኛት የለም። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ለወራት የወሰደች እናት አጥንቷ ከሌላው ቀድሞ ይሳሳል፤ ሐኪሟን ታማክር እንጂ በራሷ አታቋርጥ።

ወጌሻ ጋር ወስዳችሁ ወገቧን አታሳሹ፤ እባካችሁ። «እርጅና ነው» ብላችሁም አትለፉት። ቁመቷ ካጠረና ቀሚሷ መሬት መጎተት ከጀመረ፣ ሳታውቁት ከዚህ በፊትም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

እግሯ ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታት ግን ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አትጠብቁ። ባጃጅ ላይ ቁጭ አድርጋችሁ ሳይሆን፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በጀርባዋ አስተኝታችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሷት።