ጉዞአችን ወደ ዲመካ ይሁን

የታሪክ ክበባችን ለዘንድሮው ጉዞ የሚሄድበትን ስፍራ ለመምረጥ በተሰበሰበ ጊዜ ከአባሎቹ የሚበዙት እጃቸውን ያነሡት ለላሊበላ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ጎንደር፥ ከዚያም አክሱም ተጠራ። እኔም ብሆን እነዚህን ስፍራዎች ለማየት እመኛለሁ፤ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ለማየት የማይናፍቅ ኢትዮጵያዊ ያለም አይመስለኝ። ይሁን እንጂ እጄን ያነሣሁት ለዲመካ ስለ ነበረ ብዙዎቹ ሳቁ። አንዱ ጓደኛችንማ «ዲመካ ገበያ ነው እንጂ ታሪክ ነው ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ደወሉ ስለ ተደወለ መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበረም፤ ስለዚህ አሁን በመጽሔታችን ላይ እመልስለታለሁ።

በመጀመሪያ ታሪክ የተባለውን እንይ። ላሊበላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ፥ የእኛው የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1980 ተጽፎአል። በዚሁ ሸለቆ ቂቢሽ በተባለው ስፍራ በ1967 የሰው የራስ ቅሎች ተገኝተው ነበር። ሊቃውንት በ2005 ዕድሜአቸውን ወደ 195,000 ዓመት ገመቱት፤ በ2022 የወጣው ጥናት ደግሞ ወደ 233,000 ዓመት ከፍ አደረገው። ይህን የምለው ከላሊበላ ጋር በዕድሜ ለመፎካከር አይደለም። ቂቢሽ ድረስ እንሂድ ማለቴም አይደለም፤ መንገዱ ለአውቶቡስ አይመችም፥ ደርሶም የሚታየው ደረቅ ኮረብታ ነው።

በዲመካ የሚታየው ምንድን ነው የተባለ እንደ ሆነ ግን መልሴ አንድ ነው፤ ምግብ። አንድ ሕዝብ ምን እንደሚዘራ፥ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፥ ማንን አስቀድሞ እንደሚያበላ፥ በችጋር ዘመን በምን እንደ ከረመ ሁሉ ከማዕዱ ይነበባል። ከዚህ ከጂንካ ከፍ ብሎ ያለው የአሪ ደጋ የእንሰት አገር ነው። ሴቶቹ ግንዱን ፍቀው በጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል፤ እንሰት ዝናብ ቢዘገይም በጓሮ ቆሞ ስለሚጠብቅ፥ የአሪ ሰው ጎተራው በቁሙ ነው ማለት ይቻላል። ኮረሪማውንማ በቅዳሜ ገበያችን የማያውቀው የለም። ወደ ቆላው ሲወርዱ ደግሞ ሐመሮች በማሽላ፥ በፍየልና በከብት፥ በማርም ይኖራሉ። ከዚያም ወርደው ኦሞራቴ ሲደርሱ ዳሰነቾችን ያገኛሉ። የኦሞ ወንዝ በየዓመቱ ሞልቶ ሲጎድል በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። እስከ 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል ሊያመነጭ የሚችለው ሦስተኛው የግልገል ጊቤ ግድብ ተሠርቶ በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ፥ ወንዙም ከተገታ ወዲህ ያ አዝመራ እንደ ቀድሞው አይደለም። መብራቱን ሁላችንም እንፈልገዋለን፤ በኩራዝ ማጥናት ምን እንደ ሆነ የጂንካ ተማሪ ያውቃል። ነገር ግን የደለሉን እርሻ ያረሱ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ሄዶ የሚጠይቃቸውና በደብተሩ የሚጽፍ ተማሪ ከእኛ ካልወጣ ከየት ይመጣል?

የውጭ አገር ጎብኚዎች ወደ ደቡብ ኦሞ የሚመጡት ስንት ባሕር ተሻግረው ነው። በገበያ ቀን መኪናቸውን አቁመው የከንፈር ሸክላና በቀይ አፈር የተለወሰ ጠጕር ፎቶግራፍ ያነሣሉ፥ ስለ አንዱ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ብር ይከፍላሉ፥ ማታ ሆቴል ገብተው ማካሮኒ ይበላሉ። አልፈርድባቸውም፤ እንግዶች ናቸውና። የሚገርመኝ የከተማው ሰውም ከዚህ አለማለፉ ነው። ከደቡብ ኦሞ ብሔረሰቦች የሦስቱን እንኳ ምግብ የቀመሰ ስንት የጂንካ ልጅ አለ?

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ስድስት ሆነን ከዲመካ ገበያ አልፎ ወዳለ የአንድ ክፍል ጓደኛችን ቤት ሄደን ነበር። እናቱ በፍየል ቆዳ ላይ አስቀመጡንና ወደ ወፍጮአቸው ተመለሱ። በጉልበታቸው ተንበርክከው ማሽላውን በመጅ ሲፈጩ ከሴቶቹ ተማሪዎች ሁለቱ ተቀብለው ሞከሩ፤ ጥቂት ቆይተው እጃቸው ዛለ፤ ዱቄቱም ገና ክክ ነበር። እኔም ልሞክር ብል፥ ይህ የሴት ሥራ ነው ተባልሁ። (በዚህ ነገር እኅቶቻችን የሚሉት ይኖራቸዋል፤ እነሱ ይጻፉት።) ከዚያ የቡና ገለባ በትልቅ ገንቦ ፈልቶ በሾርቃ ተቀዳልን። አባትዮው አስቀድመው ጥቂት ተጎንጭተው በአፋቸው እፍ ብለው እየረጩ «ባርጆ» እያሉ መረቁን፤ ባርጆ በሐመርኛ መልካም ዕድል፥ ጤና፥ ዝናብም ጭምር ማለት ነው። ገንፎውን በልተን ስንጨርስ እናቲቱ በልጃቸው አማካይነት አንድ ነገር ጠየቁን። «እነዚህ ልጆች ፎቶግራፍ የማያነሡት ለምንድን ነው?» አሉ። ልጃቸው «እንግዳ ሆነው ነው የመጡት» ቢላቸው ሳቁና ሾርቃውን እንደ ገና ሞሉልን።

ይህ ነገር ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ከየቆላው መጥተው በከተማችን በአዳሪነት የሚማሩ ጓደኞች አሉን። ከመካከላቸው ቤቱ ምን እንደሚበላ ሲጠየቅ «እንጀራ» የሚል አለ፤ ጤፍ በቀዬው የማይበቅል ሲሆን። ከብት ወግቶ ደም ከወተት ጋር መጠጣትን ሰምቶ «ኧረ!» ብሎ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ፥ ልጁ ሌላ ምን ይበል? የዲመካው ጓደኛችን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍል ውስጥ ስለ አገሩ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አያደርግም። ጃፓኖች ባህላዊ ምግባቸውን በ2013 በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስጽፈዋል። ያ የሆነው ጃፓናዊው በምግቡ ስላላፈረ ነው፤ እኛ ግን ገና እርስ በርሳችን እንተፋፈራለን።

ከወላጆች በኩል የሰማሁት ተቃውሞ አለ፤ የሚናቅም አይደለም። «ልጄ የማታውቀውን ሥጋ ትብላ ወይ?» የሚሉ አሉ። በትምህርት ቤታችን ኦርቶዶክስም፥ ፕሮቴስታንትም፥ እስላምም ስላለ፥ የእርድ ነገር ጠብ እንዳያመጣ ሥጋ ከማዕዱ ይቅር ባይ ነኝ። የማሽላ ገንፎ፥ ማር፥ የቡና ገለባ፥ ቆጮ ማንኛውም ሃይማኖት አይከለክለውም፤ ጾመኛም ይበላዋል። የሚጠጣውን ውኃ ከጂንካ አፍልተን እንወስዳለን። «በየሳምንቱ ለሚታይ ገበያ ስለ ምን ገንዘብ እናወጣለን?» ለሚሉትም፥ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ለመጓዝ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ተማሪ ያስቀራል እላቸዋለሁ። ያለፉትን ጉዞዎች ብንቆጥር የሄዱት አባታቸው የሚከፍሉላቸው ብቻ ናቸው። ዲመካ ግን ሁሉም ይሄዳል። ገንዘብ ከተረፈና መንገዱ ሰላም ከሆነ ኮንሶን እንጨምር፤ ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ ካብ የተጠበቀው እርከን በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል፤ የሽፈራው ቅጠልም እዚያ በማሽላ ይበላል።

የዲመካ ገበያ ቅዳሜ ስለሚውል ትምህርት አይታጎልም። ጥር ደግሞ መንገዱ የሚደርቅበት ወር ነው። ከመሄዳችን በፊት በአንዱ ከሰዓት በኋላ በከተማችን ኮረብታ ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ ሙዚየም አይተን፥ በርኮታውና ቅሉ ለምን እንደሚያገለግል ብንማር ዐዋቂ ጠያቂዎች ሆነን እንሄዳለን። እንግዲህ የቀረን ቤታቸውን የሚከፍቱልን ሰዎች ናቸው። እስካሁን ሦስት ጓደኞቻችን ከእናቶቻቸው ጋር ተነጋግረው እሺታ አግኝተዋል፤ እያንዳንዱ ቤት ግን ከስምንት ሰው በላይ ማስተናገድ ስለማይችል፥ ከሐመር ወይም ከበና የሆናችሁ ወላጆች ካላችሁና ፈቃዳችሁ ከሆነ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ለክበቡ ኃላፊ መምህር እንድታስታውቁልን በትሕትና እንለምናለን። ማሽላውንና ማሩን ክበቡ ገዝቶ ያመጣል።