ዕውቀት በቁና አይሰፈርም

«ስንት ጻፈ? ስንት ጊዜስ ተጠቀሰ?» የተመራማሪ ዋጋ የሚተመነው በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እየሆነ ከመጣ ሰነባበተ። «ምን አገኘ? ያገኘው ነገርስ እውነት ነው ወይ?» የሚሉት ግን እንደ ድሃ ዘመድ ከበር ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። እኛ ይህን አካሄድ እንቃወማለን። ቁጥር ፈርተው ነው እንዳንባልም ማስረጃችንን ከቁጥር ሰዎች መንደር፣ ከፊዚክስ እናመጣለን።

እስቲ ከቁናው እንጀምር። ብዙ ሰው የሚምልበትን ኤች-ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. በ2005 የቀመረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንዲያጎ፣ የኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ፣ ማለትም የጠጣርና የፈሳሽ ቁሶችን ባሕርይ የሚመረምረው ዘርፍ ሊቅ የሆነው ሆርሄ ሂርሽ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ካሉት ቁጥሩ 20 ነው። ሂርሽ በዚያው ጽሑፉ፣ በፊዚክስ 12 አካባቢ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ 18 አካባቢ ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ሊሆን ይችላል ብሎ ጠቆመ። ነገር ግን አንድ ነጠላ ቁጥር የሰውን ሥራ በግርድፉ ከማመልከት እንደማያልፍ እዚያው አስጠንቅቋል። ታዲያ ምን ሆነ? ቁጥሩ ተያዘ፣ ማስጠንቀቂያው ተጣለ። ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ሂርሽ ራሱ መለኪያው ክፉኛ ሊሳሳትና ያልታሰበ ከባድ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ጻፈ። ቁና ሠሪው ቁናዬን ተጠንቀቁ ሲል፣ ሰፋሪዎቹ ምነው ጆሯቸውን ደፈኑ?

ለመሆኑ ይህ ቁና ምኑን ይሰፍራል? እ.ኤ.አ. በ1962 ብራያን ጆሴፍሰን የሚባል የ22 ዓመት የካምብሪጅ ተማሪ፣ በሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች መካከል ስስ ኢንሱሌተር ቢገባም ያለ አንዳች ቮልቴጅ ኤሌክትሪክ ሊያልፍ እንደሚችል በስሌት አሳየ። አንጋፋው የኖቤል ተሸላሚ ጆን ባርዲን ይህ አይሆንም ብሎ ተከራከረው። በ1963 በቤል ላቦራቶሪ ፊሊፕ አንደርሰንና ጆን ሮወል በሙከራ አረጋገጡት፤ በ1973 ልጁ ኖቤል ተሸለመ። በዚያች በአንዲት ጽሑፍ ብቻ ቢሰፈር ኖሮ ስንት ይወጣው ነበር? አንድ! ሺህ ጊዜ ብትጠቀስም አንድ ናት፤ ስሌቱ ከዚያ በላይ አይፈቅድም።

አሁን ደግሞ 40 ዓመት ገደማ ተሻግረን ወደዚያው ወደ ቤል ላቦራቶሪ እንመለስ። ያን ሄንድሪክ ሾን የተባለ ወጣት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 በአማካይ በየ8 ቀኑ አንድ ጽሑፍ ስሙን አሳርፎበት ያወጣ ነበር። ሳይንስና ኔቸር የተባሉት ታላላቅ መጽሔቶች ተቀበሉት፤ ሽልማቱም ተደራረበለት። በቁናው ቢሰፈር ሞልቶ የሚፈስ ነው። በ2002 ግን ጽሑፎቹን ተቀምጠው ያነበቡ የፊዚክስ ሰዎች አንድ ነገር አዩ። የተለያዩ ሙከራዎች ናቸው በተባሉ ግራፎች ላይ ኖይዝ የሚባለው የዘፈቀደ መንቀጥቀጥ ጭረት በጭረት አንድ ዓይነት ነበር። የዘፈቀደ ነገር ደግሞ ራሱን አይደግምም። አጣሪ ኮሚቴው ከ24ቱ ክሶች በ16ቱ ማጭበርበር መፈጸሙን በዚያው ዓመት አረጋገጠ። ሳይንስ 8፣ ኔቸር 7 ጽሑፎች ሰረዙ። ልብ በሉ! ሾንን የያዘው ቆጠራ አይደለም፤ ቆጠራውማ አጨበጨበለት። የያዘው ንባብ ነው። ጩኸት ለቁራ፣ መብል ለአሞራ ማለት ይኸው ነው።

«ቁጥሩ ቢቀር ሹመቱ ሁሉ የዘመድ አዝማድ ይሆናል፤ ቁጥር እኮ አያዳላም» የሚሉን አሉ። ሥጋታቸውን አንንቅም፤ አድልዎ የሚያቃጥል ነገር ነው። ዳሩ ግን ቁጥርም ወዳጅ አለው። እርስ በርስ እየተጠቃቀሱ መወፈር ይቻላል። አንዱን ውጤት ለሦስት ከፍሎ ማሳተምም ይቻላል፤ አንዱን እንጀራ ሦስት ቦታ ቆርሶ «ሦስት እንጀራ ጋገርኩ» እንደማለት ነው። የአድልዎ መድኃኒቱ ምክንያትን በጽሑፍ አስፍሮ ለሁሉም ማሳየት እንጂ ከቁጥር ጀርባ መደበቅ አይደለም።

ነገሩ እኛን ተማሪዎችን አይመለከትም የሚል ካለ ተሳስቷል። መምህር እስከ ማታ ላቦራቶሪ ውስጥ ከተማሪ ጋር ቆመው የተበላሸ መሣሪያ ቢጠግኑ፣ ያልገባንን አሥር ጊዜ በአማርኛ ቢያስረዱን፣ ያ ሁሉ ድካም በኤች-ኢንዴክስ ዜሮ ነው። መስፈሪያው እሱ ብቻ ከሆነ ማን ከተማሪ ጋር ያመሻል? ነገ ከመካከላችን ተመራማሪ የሚሆነውስ የሚከብደውን ጥያቄ ትቶ ቶሎ የሚታተመውን ቢያሳድድ ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። ቀጣሪና ሿሚ ኮሚቴ የአመልካቹን ሦስት ወይም አራት ሥራዎች ይዞ ያንብብ። የወደደውንም የነቀፈውንም ምክንያቱን ጽፎ ይፈርም። ማስተማርም እንደ ሥራ ይመዘን። ይህ የኛ ቅዠት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተጠነሰሰው የምርምር ምዘና መግለጫም ተመራማሪ በታተመበት መጽሔት የጥቅስ አማካይ ሳይሆን በሥራው ይዘት ይመዘን ይላል።

እኛም ከራሳችን እንጀምር። ስለ አንድ ሊቅ ስንጨቃጨቅ «ስንት አለው?» ማለቱን ትተን «የትኛውን አነበብክለት?» እንባባል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና።