18 ወር የተባለው 58 ዓመት ሲፈጅ፦ የጥንታዊ ሐውልቶችን ዕጣ የሚወስነው ምንድን ነው?

ጣሊያን በ1947 በፓሪስ የፈረመችው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጹ ግልጽ ግዴታ ጥሎባታል። ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የጥበብ ሥራዎችን፣ ንዋያተ ቅድሳትን፣ መዛግብትንና ታሪካዊ ዋጋ ያላቸውን ዕቃዎች ሁሉ በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። በ1937 ከአክሱም ተነሥቶ ሮም ውስጥ የተተከለው ሐውልት በዚህ አንቀጽ ሥር ለመውደቁ ጥርጥር አልነበረም። ሆኖም ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነው። 18 ወር የተባለው 58 ዓመት ፈጀ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ የምንተርከው ለመዘግየቱ በመቆጨት ወይም በመመለሱ በመደሰት ነው። ሁለቱም ተገቢ ነው። ለሕግ አውጪዎችና ለረዳቶቻቸው ግን ታሪኩ ሌላ ትምህርት ይዟል። መብቱ በሕግ ተረጋግጦ ሳለ አፈጻጸሙ ባለቤት አልነበረውም። አንቀጹ ቀን ወሰነ እንጂ ቀኑ ሲያልፍ ማን እንደሚጠይቅ፣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል፣ ለማን ሪፖርት እንደሚቀርብ አልደነገገም። በ1956 ሁለቱ መንግሥታት ባደረጉት ስምምነት ጣሊያን ግዴታዋን ዳግመኛ አመነች፤ ሐውልቱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው፦ የጥንታዊ ሐውልቶችን ዕጣ በአብዛኛው የሚወስነው የሚደርስባቸው አደጋ ሳይሆን ከአደጋው በኋላ ኃላፊነት የሚወስድ አካል መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው።

መንቀጥቀጡ የታሪኩ ግማሽ ነው

ከሰባቱ የጥንቱ ዓለም ድንቅ ሥራዎች ዛሬ ቆሞ የሚገኘው የጊዛው ታላቁ ፒራሚድ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ነጭ የኖራ ድንጋይ ልባሱ ተገፍፎ ለካይሮ ግንባታ ውሏል። ስለ ሌሎቹ መጥፋት ሲነገር ቶሎ የሚጠቀሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ጉዳዩን ጠጋ ብሎ ለመረመረ ግን መንቀጥቀጡ የታሪኩ ግማሽ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

የሮድስ ግዙፍ የነሐስ ምስል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ገደማ ተጠናቀቀ፤ ከ60 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥም በመሬት መንቀጥቀጥ ከጉልበቱ ተሰብሮ ወደቀ። የግብፁ ገዥ ሦስተኛው ፕቶለሚ ለማስጠገኛ የሚሆን ገንዘብ አቅርቦ ነበር። የሮድስ ሰዎች ግን ንግርት ከልክሏቸው ምስሉን አላነሡትም። ስብርባሪው ለዘመናት በወደቀበት ቀረ፤ በ7ኛው መቶ ዘመን ነሐሱ ለነጋዴ መሸጡን የባይዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ቴዎፋነስ መዝግቧል።

ዛሬ ቦድሩም በምትባለው የቱርክ ከተማ የነበረው የማውሶሎስ መካነ መቃብርም በመካከለኛው ዘመን በደረሱ መንቀጥቀጦች ፈረሰ። ፍርስራሹን ያጠፉት ግን የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ናቸው። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ ድንጋዩን ምሽጋቸውን ለማጠናከር አዋሉት፤ ዕብነ በረዱንም አቃጥለው ኖራ አደረጉት። ከዚያ ጥፋት የተረፉት ቅርጾች በ1850ዎቹ በቁፋሮ ወጥተው፣ በኦቶማን መንግሥት ፈቃድ፣ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተጓዙ።

የእስክንድርያው የመብራት ማማ በአንጻሩ ከ1,000 ዓመት በላይ ቆሟል። ይህን ያህል የቆየው መንቀጥቀጥ ስላልነካው አይደለም፤ ጉዳት በደረሰበት ቁጥር የሚጠግነው ስለነበረ ነው። ከ1303ና ከ1323 መንቀጥቀጦች በኋላ ግን አላገገመም። በ15ኛው መቶ ዘመን ሱልጣን ቃይትባይ በቦታው ላይ ምሽግ ሲያሠራ የማማው ድንጋይ ለግንባታው ዋለ።

በሦስቱም ታሪኮች አደጋው ሐውልቱን አቆሰለ፤ ያጠፋው ግን ኋላ በሰው የተደረገ ወይም ሳይደረግ የቀረ ውሳኔ ነው።

ኃላፊ ሲኖር ምን ይሆናል?

የተቃራኒው ምሳሌ አቡ ሲምበል ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲታቀድ ዳግማዊ ራምሴስ ከ3,200 ዓመት በፊት ከአለት ያስፈለፈላቸው መቅደሶች በውሃ ሊዋጡ ሆነ። ግብፅና ሱዳን የዩኔስኮን ርዳታ ጠየቁ፤ ድርጅቱም በማርች 1960 ለዓለም ጥሪ አቀረበ። ከ1964 እስከ 1968 መቅደሶቹ በአማካይ 20 ቶን በሚመዝኑ ከ1,000 በላይ ብሎኮች ተቆርጠው፣ ከነበሩበት 65 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኝ ስፍራ ዳግመኛ ተገጣጠሙ። ለሥራው ወደ 50 የሚጠጉ አገሮች ገንዘብ አዋጡ። በ1972 የጸደቀው የዓለም ቅርስ ስምምነትም ከዚህ ዘመቻ ልምድ ብዙ ወስዷል።

በአቡ ሲምበል የተገኘው ውጤት ከስሜት ብቻ የመጣ አይደለም። የውሃው መሙላት የጊዜ ገደብ አስቀምጧል፤ ሥራውን የሚመራ አካል ታውቋል፤ የእያንዳንዱ አገር መዋጮ ተመዝግቧል። በሮም ለቆመው የአክሱም ሐውልት የጎደሉት እነዚሁ ነበሩ።

የአክሱም ጉዳይ አልተዘጋም

24 ሜትር ርዝመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ሐውልት በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ከተመለሰ በኋላ በ2008 በአክሱም ዳግመኛ ቆመ። ብዙዎቻችን ጉዳዩ በዚያ ቀን የተዘጋ መሰለን። ነገር ግን ከጎኑ ያለውና ዘንበል ያለው ሌላው ታላቅ ሐውልት ለዓመታት በጊዜያዊ ማሰሪያ ተደግፎ ኖሯል። በመካነ መቃብሮቹ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃም ለባለሙያዎች የቆየ ሥጋት ነው። በ2020 የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ አካባቢውን ለጥበቃም ለጥናትም አስቸጋሪ አደረገው። የምረቃ ሥነ ሥርዓት ገንዘብና ካሜራ ይስባል፤ ማሰሪያ መፈተሽና የውሃ መውረጃ መጥረግ ግን አይስብም። የእስክንድርያን ማማ ለዘመናት ያቆመው ይህ የማይታየው ሥራ እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

ባለፈው ጊዜ በአንድ የሕግ አውጪ ጽሕፈት ቤት ስለዚሁ ሳስረዳ፣ ረዳቱ በትሕትና «ሕዝቡ እህል በሚሻበት አገር ስለ ድንጋይ እንዴት እንነጋገራለን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ክብር የሚገባው ነው፤ መልሴም እህሉ ይቀነስ የሚል አይደለም። የምንጠይቀው አብዛኛው ነገር አዲስ ገንዘብ ሳይሆን የተገባ ቃል አፈጻጸም ነው። ከዚህም በላይ ሰውና ድንጋይ የተለያዩ አይደሉም። የአክሱም ጥበቃዎች፣ አስጎብኚዎች፣ አናጢዎችና ነጋዴዎች የሚኖሩት በእነዚህ ሐውልቶች ዙሪያ ነው። በ2015 በሶርያዋ ፓልሚራ የቤል መቅደስ በፈነዳበት ወር፣ ቅርሱን ለአሥርተ ዓመታት የጠበቁት አረጋዊው ሊቅ ኻሊድ አል አስዓድ በዚያው ታጣቂ ቡድን እጅ ተገድለዋል።

ምክረ ሐሳብ

በዚህ መሠረት ለሕግ አውጪዎችና ለረዳቶቻቸው ሦስት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ቅርስ ስለመመለስ የሚደረግ ማንኛውም ስምምነት ወይም የምክር ቤት ውሳኔ የመመለሻ ቀን፣ በስም የተጠቀሰ ኃላፊ መሥሪያ ቤት፣ የወጪ ምንጭና ዓመታዊ የሕዝብ ሪፖርት ይኑረው። የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ንዋያተ ቅድሳት ጉዳይ ስለዚህ በየአገሩ ሕግ ላይ ይወድቃል። በብሪታንያ የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም አዋጅ ባለአደራዎቹ ንብረት የማስወገድ ሥልጣናቸውን አጥብቦታል። ሙዚየሙን ብቻ መውቀስ በቂ አይደለም፤ አዋጁን ማሻሻል የሚችለው ፓርላማው ነው።

ሁለተኛ፣ ለቅርስ የሚሰጥ የውጭ ርዳታ ለአንድ ጊዜ ጥገና ብቻ ሳይሆን ለበርካታ ዓመታት ክብካቤና ለአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥልጠና የተመደበ ድርሻ ይያዝለት።

ሦስተኛ፣ በጦርነት ለተጎዱ አካባቢዎች የሚደረግ የመልሶ ግንባታ ድጋፍ የቅርስ ጉዳት ጥናትን ያካትት፤ የተዘረፉ ዕቃዎች ወደ ገበያ እንዳይገቡም የጉምሩክ ክልከላ ይታሰብ። በዩናይትድ ስቴትስ የ1983ቱ ሕግ ከጠያቂ መንግሥት ጋር ስምምነት በማድረግ ይህን ለመፈጸም መንገድ ይከፍታል። መንገዱ የሚጀምረው ግን የባለቤቱ አገር መንግሥት ጥያቄ ሲያቀርብ ነው፤ የእኛ ግፊት ወደ አዲስ አበባም መዞር ያለበት ለዚህ ነው።

ለመብት ተሟጋቾች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ወደ ጽሕፈት ቤቶች ስንሄድ የታሪካችንን ታላቅነት በማስረዳት ሰዓቱን አንጨርስ፤ የሚሰሙን ሰዎች ታላቅነቱን አይክዱም። ይልቁንም ቀኑ መቼ ነው፣ ኃላፊው ማን ነው፣ ገንዘቡ ከየትኛው በጀት ነው ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል። በ1949 የ18 ወሩ ቀነ ገደብ ሲያልፍ እነዚህን ጥያቄዎች በየዓመቱ የሚያነሣ ቋሚ አካል ቢኖር ኖሮ፣ ሐውልቱ ሲሸኝ ያዩት አክሱማውያን ሲመለስም ባዩት ነበር።