የጤፍ ዘመዱ ማነው?

ባለፈው ሰሞን ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ 5ኛ ክፍል፣ ስለ እህል ዓይነቶች ስናስተምር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ የጤፍ የቅርብ ዘመዱ ማነው?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ሳናመነታ «አጃ ነዋ!» አልን። ሁለቱም ራሳቸው የተበተነ፣ ነፋስ ሲነካቸው የሚወዛወዙ ናቸው። ልጆቹም በደብተራቸው ጻፉት። መልሳችን ግን ስሕተት ነበር።

ተመልሰን መጽሐፍ ስናገላብጥ የጤፍ ዘመድ ሆኖ ያገኘነው ዳጉሳን ነው። ያ ራሱ እንደ ጣት የታጠፈው ዳጉሳ! የሁለቱም ቅጠል በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ጅማቶቹን ዙሪያውን የከበቡ ትልልቅ አረንጓዴ ሕዋሳት ይገኛሉ። በአጃና በስንዴ እንዲህ ያለ አረንጓዴ ቀለበት የለም። ታዲያ ነገሩ በዚህ አለቀ እንዳንል በቆሎና ማሽላም ቀለበቱ አላቸው። በሣር ቤተሰብ ውስጥ ይህ አሠራር ከ20 ጊዜ በላይ ለየብቻው ተፈጥሯል። የሚያታልለው የውጭ መልክ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የውስጡም ያታልላል። ስለዚህ ዲ.ኤን.ኤ. ሁለተኛ ምስክር ሆኖ ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሣርን ዝምድና የሚያጠኑ ሊቃውንት በኅብረት ባወጡት ሥራ ሁለቱን ማስረጃዎች አጣምረው ቤተሰቡን በ12 ንዑስ ቤተሰቦች መደቡት። ጤፍና ዳጉሳ በአንዱ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃና እንክርዳድ በሌላው ገቡ። እንዲያውም ለስንዴ ከጤፍ ይልቅ ቀርከሃ ይቀርበዋል! መሶብ የሚሰፋበት አክርማም ከዳጉሳ ጋር አንድ ጂነስ ነው፤ እንጀራውና መሶቡ ዘመዳሞች ናቸው እንግዲህ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይኸ ለ5ኛ ክፍል ልጅ ምን ያደርግለታል?» ይሉናል። አንስማማም። ጤፍ 40 ክሮሞዞም አለው፤ ኢራግሮስቲስ ፒሎሳ የሚባለው የዱር ሣርም እንዲሁ 40 ነው። ልዩነታቸው የዱሩ ፍሬው ሲደርስ መርገፉ፣ ጤፍ ግን መያዙ ነው። ተመራማሪዎች ሁለቱን አዳቅለዋል። ዘመዱ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ከማን ጋር ሊያዳቅሉት ኖሯል? የገበሬ ልጅ ደግሞ የማሳውን አረም ከእኛ ይበልጥ ያውቃል፤ የጎደለው ማስረጃውን የሚያሳየው ሰው ነው። እኛ ግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስም ደርድረን «ገልብጡ» እንላለን። ይህን ልማድ ከማሠልጠኛው ይዘን ከወጣን ጡረታ እስክንወጣ አንለቀውም ብለን እንሠጋለን።

የልጆቹ ደብተር ላይ «አጃ» የሚለው እስካሁን እንደተጻፈ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሄደን ተሳስተን እንደነበር ልንነግራቸው ቆርጠናል። ጤፍ፣ ዳጉሳና አጃ ከነቅጠላቸው አዘጋጅተናል። የቀረን ማይክሮስኮፕ ነው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ለአንድ ቀን አንዱን ቢያውሱን በጥንቃቄ ይዘን፣ በማግስቱ ጠዋት እንመልሳለን።